ሮዙና ቢጫው ክኒን

ፍንጭት የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። የፊት ጥርሶቿ መሀል ክፍተት ስላለ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራት በዚሁ ስም ነው፤ እሷም ስትጠራ ያንኑ ክፍተት እያሳየች ትስቃለች። ቤቷ ከአባቷ የልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። እናቷ የሞተችው እሷ ገና መራመድ ስትጀምር ነው። እቴቴ የምትላት አክስት አለቻት፤ ግን የምትኖረው ራቅ ብላ ነው። እንግዲህ ይህን ያዙልኝ ልጆች፤ ፍንጭት ጠዋት ስትነሳም ማታ ስትተኛም ከአጠገቧ ያለው ሰው አባቷ ብቻ ነበር። አንተ ከኋላ የተቀመጥከው፣ እግርህን ማወዛወዝ ተውና ስማኝ። የዛሬው ታሪክ የሚያስቅ አይደለም።

የልብስ ሰፊ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? መፈናፈኛ የለውም። እዚህ ቁራጭ ጨርቅ፣ እዚያ ያልተተኮሰ ሱሪ፣ መሀል ላይ የስፌት መኪናው። ስለዚህ አባቷ ካርቶን የሚባል ነገር አይወድም። "ቤት ያጣብባል፣ አውጥተሽ ጣይው" ይላል። ገበያ ተሂዶ የመጣ ዕቃ ሁሉ ከካርቶኑ ወጥቶ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ነጭ ቁልፍ ለብቻው፣ ጥቁር ቁልፍ ለብቻው፣ መንጠቆ ለብቻው። መለየቱ የፍንጭት ሥራ ነው፤ ደግሞም ቀልጣፋ ናት፤ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ብቻ የኮት ቁልፍን ከሸሚዝ ቁልፍ ትለያለች።

ክኒንም እንደዚያው ነበር የሚቀመጠው። አባቷ ወገቡን ስለሚያመው ሮዝ ክኒን ይወስዳል። ክኒኑ ከማሸጊያው እየተፈለፈለ ከነጭ ቁልፉ አጠገብ ባለች ብልቃጥ ይገባል፤ ካርቶኑና በውስጡ ያለው ወረቀት ይጣላል። የመድኃኒቱን ስም የሚያስታውስ አልነበረም። "ሮዙን አቀብይኝ" ይላል አባት፤ ታቀብለዋለች። አዬ! ቁልፍ በቀለሙ ቢለይ ምንም አይደል፤ መድኃኒት ግን እንዴት በቀለም ይለያል?

ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ሰሞን ሆነ። የተማሪዎች ዩኒፎርም እንደ ጉድ ተከመረ። አባትየው ከጠዋት ጀምሮ መኪናው ላይ እንዳጎነበሰ ይውላል፤ ቁርስ ሲቀርብለት "ቆይ ይቺን ኮሌታ ልጨርስ" ይላል፤ ኮሌታው ሌላ ኮሌታ ይወልዳል፤ ምግቡ ቀዝቅዞ ይነሳል።

አንድ ቀን መቀሱን ጣል አደረገና ትከሻውን ያዘ።

"ልጄ፣ ሮዙ ወገቤን ረገብ አድርጎልኛል፤ ትከሻዬ ግን ሊገነጠል ነው። ሮጥ በይና ለትከሻ የሚሆን ማስታገሻ አምጪልኝ።"

"እሺ አባዬ!"

መድኃኒት ቤቱ መንገዱን ተሻግሮ ነው። በሩ ፊት ለፊት የሰፈር ልጆች ገመድ ይዘላሉ።

"ፍንጭት! ከዚህች ቀጥሎ ያንቺ ተራ ነው! ካልመጣሽ እናልፍሻለን!"

"መጣሁ! መጣሁ! እንዳታልፉኝ!"

እየዘለለች ገባች። መድኃኒት ቤት ያለችው ሴትዮ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ነገሯ ሁሉ ቀስ ያለ ሰው ናት። አባትየውን ታውቀዋለች፤ የሥራ ጋዋኗን የሰፋላት እሱ ነው።

"ለአባትሽ ነው የኔ ቆንጆ? ምኑን አመመው?"

"ትከሻውን።"

"ጨጓራ ያመዋል እንዴ?"

ፍንጭት አባቷ አንዳንዴ ሆዱን ጫን አድርጎ እንደሚይዝ ታውቃለች። ወተት ሲጠጣ ቀለል እንደሚለውም ታውቃለች። ግን ከውጭ የገመዱ ድምፅ ጧ፣ ጧ ይላል።

"አያመውም።"

"ሌላ ማስታገሻ ይወስዳል?"

አያችሁ ልጆች፣ እዚህ ጋ ነው ጉዱ። አዎ ብትል ሴትዮዋ "ሂጂና አምጥተሽ አሳዪኝ" ትላታለች። ከዚያ መሄድ፣ መመለስ፣ መጠበቅ ሊመጣ ነው። ተራዋ ደግሞ ሊያልፍ ነው።

"ምንም አይወስድም እትዬ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ!" አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ሴትዮዋ ቢጫ ክኒን ያለበትን ካርቶን አወጣች። "እንግዲያው ስሚኝ። ባዶ ሆዱን እንዳይወስድ፣ ምግብ በልቶ ነው። ከሌላ ማስታገሻ ጋር እንዳይቀላቅል። ሆዱን ካቃጠለው ወይም ሰገራው ከጠቆረ ወዲያው አቁሞ ሐኪም ቤት ይሂድ። የቀረውን ወረቀቱ ላይ ያንብበው። ትነግሪዋለሽ አይደል?"

"እሺ፣ እሺ፣ እሺ።"

ወጣች። ዘለለች። እንደዚያን ቀን አሳምራ ዘልላ አታውቅም፤ ልጆቹ እንኳ አጨበጨቡላት።

ቤት ስትገባ አባቷ ቀና ሳይል ጠየቃት። "ምን አለችሽ?"

"ምንም አላለችም። ይዋጠው ነው ያለችው።"

ክኒኑን ፈልፍላ ብልቃጥ ውስጥ ጨመረችው፤ ካርቶኑን ከነወረቀቱ ጣለችው። የመጀመሪያው ውሸት ሁለተኛውን ጎትቶ አመጣው ማለት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አባቷ ሮዙን ለወገቡ፣ ቢጫውን ለትከሻው እያለ፣ በባዶ ሆዱ በውኃ ይውጥ ጀመር። ክኒን እኮ ከተዋጠ በኋላ ይሄ የወገብ ነው፣ ይሄ የትከሻ ነው ብሎ መንገድ አይመርጥም። ሁለቱም የአንድ ዘር መድኃኒቶች ነበሩ። አባቷ ይህን ከየት ይወቀው? የሚነግረው ሰው እሷ ነበረች።

ትንሽ ቆይቶ አባቷ ከሳ። ፊቱ አመድ መሰለ። "ቃር ነው መሰለኝ፣ እንደ እሳት ያቃጥለኛል" ይልና መኪናውን አቁሞ ሆዱን ያሻል። ፍንጭት ይህን ስትሰማ ልቧ ድንግጥ አለ። ሆዱን ካቃጠለው ያቁም ተብላለች! ቃሉ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። አፏን ከፈተች።

"አባዬ…"

"አቤት ፍንጭቴ።"

ግን ብትናገር "ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?" ሊላት ነው። ውሸታም ሊላት ነው። አባቷ ደግሞ ውሸታም ብሏት አያውቅም።

"ምንም። ክር ልሰካልህ ወይ ልልህ ነው።"

እናንተ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር? ቶሎ አዎ አትበሉኝ። ውሸት ሰውን እንዴት ዲዳ እንደሚያደርግ ዋሽቶ ያየ ያውቀዋል። ፍንጭት ነገ እነግረዋለሁ አለች። በነገታውም ነገ አለች። ማታ ስትጸልይ ስለ ጎረቤት ትጸልያለች፣ ስለ እቴቴ ትጸልያለች፤ ስለዚያ ነገር ግን ለእግዚአብሔር እንኳ አልተናገረችም።

እንዲህ እያለች አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቷ ሱሪ ሊለካ ብድግ ሲል ዓይኑ ጨለመበትና ተዘርሮ ወደቀ። ጩኸቷን የሰማው የጎረቤት ፀጉር አስተካካይ ማበጠሪያውን እንደያዘ ዘሎ ገባ። አባትየውን ታቅፎ ታክሲ ውስጥ አስገባው። እቴቴም ተጠርታ ሐኪም ቤት ደረሰች፤ ነጠላ ጫማዋን አጣምማ ነበር ያደረገችው።

ድንገተኛ ክፍሉ ጠባብ ነው። አልጋው ላይ አባቷ ከንፈሩ ነጥቶ ያቃስታል። "ወገቤን… ወገቤን…"

"ወንድሜን ወገቡ ነው የጣለው ዶክተር!" አለች እቴቴ እንባዋን እየጠረገች። "ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ነው የሚውለው። እባክዎ፣ አንድ የማስታገሻ መርፌ ይውጉልኝ።"

"የሚወስደው መድኃኒት አለ?" አለ ዶክተሩ።

"ኧረ የለም! ሲብስበት አንድ ክኒን ቢውጥ ነው።"

ዶክተሩ መርፌውን እንድታዘጋጅ ለነርሷ ነገራት። የፍንጭት ልብ ቀጥ አለ። መርፌ። ሌላ ማስታገሻ ሊጨመርበት ነው። እቴቴ እዚያው አለች። ፀጉር አስተካካዩም አለ። ሁሉም ሊሰሙ ነው። ብትናገር ጉዷ ሊወጣ፣ ዝም ብትል ደግሞ አባቷ ሊሞት ነው።

"እንዳትወጉት!" ብላ ጮኸች። "ሁለት ዓይነት ይወስዳል! ሮዝና ቢጫ! ሳይበላ ነው የሚውጠው! ሆዱንም እያቃጠለው ነው! እኔ… እኔ ነኝ የዋሸሁት!"

ዶክተሩ ከአልጋው ጎን ቁጢጥ ብሎ ዓይን ዓይኗን አያት።

"የክኒኖቹን ስም ታውቂዋለሽ?"

"አላውቅም። ካርቶኑን ጥዬዋለሁ።"

ፀጉር አስተካካዩ ወዲያው መድኃኒት ቤት ደወለ። ሴትዮዋ የሸጠችውን አስታወሰች፤ ሮዙን ደግሞ ቀደም ሲል አባትየው ራሱ መጥቶ የገዛው ከባልደረባዋ ነበርና ከእሱ ጠይቃ አገኘችው። ሮዙ አይቡፕሮፌን፣ ቢጫው ዳይክሎፌናክ ነበር፤ ሁለቱም ጨጓራ የሚያቆስሉ ማስታገሻዎች። ዶክተሩ ከንፈሩን ነከሰ። ወደ አባትየው ጎንበስ ብሎ "ሰገራህ ጠቁሯል?" አለው። አባትየው እያፈረ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ለማንም አልተናገረም ነበር፤ እሱም በበኩሉ ደብቋል።

"ጨጓራው ቆስሎ ደም እየፈሰሰው ነው" አለ ዶክተሩ። "መርፌው ይቅር። ደም አዘጋጁ፣ ቶሎ!"

ፍንጭትን ከክፍሉ አስወጧት። ኮሪደሩ ላይ እቴቴ አላቀፈቻትም፤ አልተቆጣቻትምም። ያ ከዱላ ይብስ ነበር። መድኃኒት ቤት ያለችው ሴትዮ ሱቋን ለባልደረባዋ ትታ መጣች። ፍንጭትን ስታያት ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ጠይቄሽ ነበር እኮ የኔ ልጅ" አለች። "እርግጠኛ ነሽ ወይ ብዬሽ ነበር እኮ።"

ፍንጭት ግድግዳው ላይ ተደግፋ ተንሰቀሰቀች። ያን ጊዜ ነው የጸለየችው። "እግዚአብሔር ሆይ፣ ዋሽቻለሁ። ገመድ ልዘል ብዬ ነው የዋሸሁት። አባዬን አትውሰድብኝ። እባክህ አትውሰድብኝ።"

እግዚአብሔር አባቷን አልወሰደባትም። ደም ተሰጠው፣ ቁስሉ ታከመ፣ ሰነባብቶም ዓይኑን በደንብ ገለጠ። እንድትገባ ሲፈቀድላት አልጋው ጥግ ቆመች፤ መቅረብ ፈርታለች።

"ሰማሁ" አለ አባቷ ቀስ ብሎ። "ምን አስቸኮለሽ ልጄ?"

"ገመድ" አለች።

"ገመድ?"

"ተራዬ እንዳያልፈኝ ብዬ።"

አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሲያለቅስ አይታው አታውቅም ነበር። ፍንጭት ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቆይቶ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋላት፤ ይዛው ሳመችው።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለ። "እኔም ራሴ ልጠይቅ የሚገባኝን አንቺን ልኬ አስጠየቅሁ። ሲያመኝም ደበቅሁ። ግን ዳግመኛ እንዳትዋሺኝ። የፈለገውን ያህል ብቆጣሽ፣ ንገሪኝ።"

"እነግርሃለሁ አባዬ። በእግዚአብሔር ፊት እነግርሃለሁ።"

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ልዋሻችሁ አልችልም፤ ስለ ውሸት እያወራሁ ደግሞ እንዴት ብዬ? ይቅርታ ማለት የተበላሸው ሁሉ ይመለሳል ማለት አይደለም። ዩኒፎርሙ ለሌላ ልብስ ሰፊ ተሰጠ። ትምህርት ቤት ሲከፈት የሰፈሩ ልጆች ሌላ ሰው የሰፋውን ለብሰው አለፉ። አባትየው አቅሙ ስላልተመለሰ ሱቁን ለቀቀ፤ የስፌት መኪናው ወደ እቴቴ ቤት ተጓዘ፤ አሁን ሦስቱም የሚያድሩት በአንድ ክፍል ነው። ዶክተሩ እንደነዚያ ያሉ ክኒኖችን ደግሞ እንዳይነካ አጥብቆ ከልክሎታል። ወገቡ ግን ሕመሙን አልተወም።

ስለዚህ አመሻሽ ላይ አባትየው ጥርሱን ነክሶ ሲያቃስት ፍንጭት ሮጣ የምታመጣለት ነገር የለም። ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክራ ትጨምቅና ወገቡ ላይ ታኖርለታለች። ሲቀዘቅዝ ደግማ ትነክረዋለች። ውጭ ልጆች ይጠሯታል፤ "ቆይ፣ አባዬ እስኪተኛ" ትላለች፤ አንዳንዴ ሳይተኛ ይመሻል።

ልጆች፣ መድኃኒት ስትላኩ የተጠየቃችሁትን እውነቱን መልሱ፣ የማታውቁትን አላውቅም በሉ፣ የተነገራችሁንም ሳታስቀሩ ለታመመው ንገሩ፤ ለችኮላ ብላችሁ የምትዋሿት ትንሽ ውሸት የምትወዱትን ሰው ልትገድል ትችላለችና።