ሳልጠይቃት የከሰስኳት ልጅ

በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የስፌት መኪና እንደ ሕፃን አቅፋለች። ዓይኖቿን ሳይ ልቤ ድንግጥ አለ። ብርድ ልብሱን ስትገልጠው ግን የባሰ ደነገጥኩ። መኪናውን አውቀዋለሁ!

እኔ በአጎቴ ሱቅ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ከሰው ጋር ማውራት አይሆንልኝም። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ስልኬን ከፍቼ የኢንተርኔት ጨረታ ላይ አጭበርባሪ ሻጮችን አድናለሁ። የሌላ ሰው ፎቶ የለጠፈ ወይም «ቶሎ በሉ፣ ገንዘቡን ከድረ ገጹ ውጭ ላኩ» የሚል ካየሁ ሪፖርት አደርጋለሁ። አጎቴ «አንተ ደህንነት!» እያለ ይቀልድብኛል።

በዚያ ሳምንት ይህ መኪና በአንድ ዓይነት ፎቶ፣ በሁለት ሻጮች ስም ወጥቶ ነበር። አንደኛውን አርባ ገዢ አመስግኖታል። ሌላዋ ከተመዘገበች ገና ሁለት ቀኗ ነው፤ ማንም አያውቃትም። አዲሷን ሪፖርት አደረግኩ። በማግስቱ የድረ ገጹ ሰዎች የመሸጫ ገጿን ዘጉባት። ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

«መኪናው የእኔ መሆኑን የሚመሰክርልኝ ባለሙያ እፈልጋለሁ» አለችኝ። «እሱን በኢንተርኔት ጨረታ ሽጬ ፈጣን ልገዛ ነበር። የምሰፋውንም ልብስ እዚያው ልሸጥ አስቤ ነበር። ማን እንደሆነ እንጃ፣ ‹አጭበርባሪ ናት› ብሎ አዘጋብኝ። አሁን እህቴ እንኳ ‹እውነት ነው እንዴ?› ትለኛለች...»

አንገቴን ደፋሁ። ጥርጣሬዬ ግን አልለቀቀኝም። ሌባም እኮ ዕቃ ተሸክሞ ይመጣል፤ እንባም ያወጣል።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከእናቴ። ምነው፣ ፖሊስ ነህ እንዴ?»

«ከፖሊስም ይብሳል!» አለ አጎቴ ከጓዳ።

ክር አስገብቼ ልሰፋ ሞከርኩ። ተበጠሰ። ደግሜ ሞከርኩ። አሁንም ተበጠሰ።

«ተነሥልኝ እስቲ» አለችና ተቀመጠች። መዘውሩን በመዳፏ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ መልሳ ቀስ ብላ ለቀቀችው። ከዚያ ሰፋች። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር!

«እናቴም እንዲህ ነበር የምታባብለው።»

እንዲህ ያለ አመል አብሮት የኖረ እንጂ የሰረቀው አያውቀውም። ላብ አጠመቀኝ።

መኪናውን እኔ ጋ ትታ ስትሄድ የዚያኛውን ሻጭ አርባ ምስጋናዎች አንድ በአንድ አነበብኩ። ሁሉም በሁለት ቀን ውስጥ የተጻፉ ናቸው! ሰውዬው ራሱን በራሱ አመስግኖ፣ የእሷን ፎቶ ሰርቆ ነበር። እኔ ደግሞ የተሰረቀባትን ከሰስኩ።

በማግስቱ ስትመለስ በመኪናው ስትሰፋ በቪዲዮ ቀረጽኳትና ሁሉንም ለድረ ገጹ ላክኩ። መልስ መጣ እንደሆነ ልትጠይቅ በየቀኑ ትመጣለች። ከእሷ ጋር ሳወራ አልንተባተብም። የከሰስኳት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኳትም።

«ያንን ሰው ባገኘው!» አለች አንድ ቀን።

«ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ምንም። ‹ለምን አልጠየቅኸኝም?› እለዋለሁ። አንድ መልእክት ብቻ! መኪናውን አገላብጬ አሳየው ነበር።»

እውነቷን ነው። እኔ ግን ሰው ማናገር ስለምፈራ መክሰሱ ቀለለኝ።

በስድስተኛው ቀን መልሱ መጣ። የእሷን ከፈቱላት፤ የሌባውን ዘጉት። በደስታ እጄን ያዘችኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። እጇን ይዤ መዋሸት ግን አቃተኝ።

«የከሰስኩሽ እኔ ነኝ።»

እጇን ሳበች።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ የደከምከው ጥፋትህ እንዳይታወቅ ፈርተህ ነው?»

«መጀመሪያ... አዎ። በኋላ ግን...»

ሳልጨርስ መኪናዋን አቅፋ ወጣች።

አሥራ ሁለት ቀን ጠፋች። አጎቴ እንኳ መቀለዱን ተወ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ባዶ እጇን መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«መኪናው ተሸጠ?» አልኳት።

«ተሸጠ። አመሉንም ጭምር ነግሬ።»

«ታዲያ... ምን ልጠግንልሽ?»

«ዛሬ የማስጠግነው የለኝም። ለምን ነገርከኝ? ዝም ብትል አልደርስብህም ነበር።»

«እውነቱን ሳታውቂ እንድትወጂኝ... አልፈለግኩም።»

ዓይኗን ሳትነቅል አየችኝ።

«ሌላስ የደበቅኸኝ አለ?»

«አለ።» ጆሮዬ ጋለ። «እወድሻለሁ።»

«እሱን እንኳ ደርሼበታለሁ» ብላ ሳቀች።

«እኔም!» አለ አጎቴ ከጓዳ።