ቀዩን የወሰደው

የካርታ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ አምባቸው የፎቶ ክፍሉ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ፤ ማጅራቱ ላይ በብረት ማስመሪያ ተመትቷል። በተለያየ ዓመት ከሳተላይት ከተነሡት ሁለት የጣና ዳር ፎቶዎች አንዱ ከግድግዳው ተገንጥሏል። መቶ አለቃ ባንቺአየሁ ወደ ቀረው ተጠጋች። ሐይቁ ጥቁር፣ ዳርቻው አመድማ፤ ሰው የሚባል የለበትም።

«ቁልፍ ያለው ማነው?»

«ከሟቹ ሌላ ሦስታችን» አለ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ክንዱ። «እኔ፣ ካርታ ነዳፊው ኑርሑሴንና የደን ባለሙያዋ እሌኒ። እሷን አሳስሬያታለሁ። የጣና ዳሩ ደን ተጨፍጭፎ ሳለ ‹ቆሟል› ብላ የፈረመች እሷ፤ የሚያጋልጣትን የዘንድሮውን ፎቶም የሰረቀች እሷ!»

«የዘንድሮው መሆኑን በምን አወቁ? ጠርዛቸው ተከርክሟል፤ ቀን የላቸውም።»

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ዓይን ያለው ያያል!»

እስር ቤት እሌኒ ከንፈሯ ደርቆ ጠበቀቻት።

«መቼ ነው የምትረሽኑኝ?»

«መጀመሪያ ተናገሪ። ከአምባቸው ጋር ስትጣሉ ተሰምታችኋል፤ በምን ነበር?»

«የደኑን መጨፍጨፍ ለበላይ ላሳውቅ አለ። ‹ይገድሉሃል› አልሁት። ክንዱ አስፈራርቶ አስፈርሞኛል።» ቀና አለች። «የቀረው ፎቶ የትኛው ነው?»

«አመድማው።»

እሌኒ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ።

ከሰዓት በኋላ ባንቺአየሁ ሦስቱንም ደሙ ገና ካልታጠበው ክፍል ሰበሰበች።

«ኑርሑሴን፣ በእነዚህ ፎቶዎች ላይ ቀይ ምንድን ነው?»

«ለምለም ቅጠል ነዋ! የሳተላይቷ መሣሪያ እኛ የማናየውን የቅጠል ብርሃን አይቶ በቀይ ያሳየናል። ስንት ካርታ ነደፍሁበት!»

«አመድማውስ?»

«ራቁት መሬት።»

የክንዱ ፊት ገረጣ።

«እንግዲህ የጠፋው፣ ደኑ በሕይወት ሳለ የተነሣው ቀዩ ነው» አለች ባንቺአየሁ። «ጥፋቱን የሚመሰክረው ይኸው፣ ተሰቅሏል። እሌኒ ብትሆን ይህንን ትወስድ ነበር። ኑርሑሴንም እንዲሁ። ቀዩን የተቃጠለ ምድር መስሎት የሚወስድ፣ እነዚህን ፎቶዎች ማንበብ የማያውቅ ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ የተሰረቀው ‹የዘንድሮው› ነው አሉኝ። ደኑን ያስጨፈጨፉት እርስዎ ነዎት?»

«ሹም እንዴት ይጠይቃል?» አለ ክንዱ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ዓመት ሙሉ ሲያስረዱኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ያን ቀይ ሳይ… የኔ ጥፋት የሚደማ መሰለኝ። አምባቸውን መትቼ ፎቶውን አቃጠልሁት።»

ባንቺአየሁ የእሌኒን እጅ ፈታች። እሌኒ ግን ወደ በሩ አልሄደችም፤ አመድማው ፎቶ ፊት ቆመች።

«ሳተላይቷ ደግማ ታልፋለች» አለች። «ደኑ ከበቀለ ቀልቶ ይታያታል። አምባቸውንስ ከየት ታየዋለች?»