ያላነበብኩላቸው ቃል

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ከሥር "ፈጠራ ነው" ብላችሁ ልትጽፉ የተዘጋጃችሁ... ጻፉ። ከእናንተ በፊት እኔው ራሴን ተከራክሬያለሁ። ተሸንፌያለሁም።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነው። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛው ላይ አርፋለች።

ቦታው ከጭሮ ወደ ሂርና በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለ ፖሊስ ጣቢያ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም።

ኑሃሚን እባላለሁ። የወንጀል ጥናት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። እኔና የክፍል ጓደኛዬ ሮቤል ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ እዚያ ተመደብን።

ክፍል ውስጥ በክርክር የሚረታኝ አልነበረም። የማልለቀው አቋም ነበረኝ፦ ምስክር የሚያመነታው ስለማያውቅ ሳይሆን ስለሚፈራ ነው። ይህን ስናገር የአንገቴ ሥር ይገተራል።

በአምስተኛው ሳምንት የአንድ ጫት መጋዘን ጠባቂ ተወግቶ ሞተ። ቡርሃን የሚባል ጫት ጫኝ ተያዘ። ለምስክርነት የመጡት ኦቦ በድሪ የሚባሉ፣ ሰባ ያለፋቸው ገበሬ ነበሩ። መርማሪው ሳጅን አክረም ስልክ ተደውሎለት ሲወጣ ቃላቸውን እንድቀበል ነገረኝ።

ኦቦ በድሪ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ቀስ እያሉ ተናገሩ። ቢጫ ጃኬት የለበሰ ሰው ሲሮጥ አይተዋል። ጃኬቱ የቡርሃንን ይመስላል። ፊቱን ግን አላዩም።

ይመስላል... ይመስላል... ሦስት ጊዜ።

ንድድ አልኩ። ይኸው፣ ፈሩ አልኩ በልቤ።

እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ "ቡርሃን ሲሮጥ አይቻለሁ።"

እስክሪብቶዬን ሳስቀምጥ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉ። ማንበብ አይችሉም።

"ልጄ... አንብቢልኝ።"

"ያሉትን ነው የጻፍኩት።"

"እሺ። አንብቢልኝ።"

"ኦቦ በድሪ፣ ደጅ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው። ይጫኑ።"

ደጅ ማንም አልነበረም።

ጫኑ። አውራ ጣታቸውን ድሮ ማጭድ ቆርጦት ነበር። ሰማያዊው አሻራ መሃል ላይ አንድ ነጭ መስመር ያልፋል። ከሥሩ ሁልጊዜ የሚጻፈውን ጻፍኩ፦ "የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ፣ ትክክል መሆኑን በአሻራዬ አረጋግጣለሁ።"

በአራተኛው ቀን ኦቦ በድሪ ሞቱ። ተኝተው አልነቁም።

በዚያው ቃል ምክንያት ቡርሃን ዋስትና ተከለከለ። ሚስቱ ሳጂዳ በየቀኑ ምሳውን በፌስታል ይዛ በሩ ላይ ትቀመጣለች። ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች።

"እህቴ፣ ወላሂ፣ ሽማግሌው አይቼዋለሁ አሉ?"

"ፈርመዋል" እላታለሁ።

እውነቱን ከተናገርኩ ልምምዴም፣ ዲግሪዬም፣ መርማሪ የመሆን ሕልሜም አበቃ።

ከቀብራቸው ማግስት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥኩ።

የአውራ ጣት አሻራ...

ሰማያዊ። ቀለሙ አልደረቀም። መሃሉ ላይ ነጭ መስመር።

በማግስቱ የመመረቂያ ጽሑፌ ሽፋን ላይ። በሦስተኛው ቀን ነጭ ሸሚዜ ላይ... ከኋላ፣ ትከሻዬ ላይ። ሰው ሲጠራችሁ ነካ የሚያደርጋችሁ ቦታ ላይ።

ሮቤል ላይ ጮህኩ። ሙት ላይ መቀለድ ነውር ነው አልኩት። እሱ ደግሞ ስከራከር የሚጠራኝን ስም አመጣ።

"ክብርት ዳኛ፣ የቀለሙ መሳቢያ ተቆልፏል። ቁልፉ ያንቺ አንገት ላይ ነው።"

እጄን ወደ አንገቴ ሰደድኩ። ቁልፉ አለ።

የዚያን ቀን የቃላቸውን ቅጂ ከደብተሬ ጎን አስቀምጬ በማጉያ መነጽር አስተያየሁ። የተማርኩት ይህንኑ አይደል? መስመሮቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ነጥብ ላይ ገጠመ።

አሥራ ሁለት ነጥብ ከገጠመ ፍርድ ቤት ፊት ቆሜ "የእሳቸው ነው" ብዬ እመሰክራለሁ።

በማግስቱ ሮቤል እስኪወጣ ጠበቅኩና በሩን ዘጋሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። የምስክሩን ወንበር አየሁት። ባዶ ነው።

ቅጂውን አነሳሁና ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ስማቸውን... ዕድሜያቸውን... ቀበሌያቸውን...

"ቡርሃን ሲሮጥ አይቻለሁ።"

ወንበሩ ሲጥ አለ። ሰው ወደ ፊት ጎንበስ ሲል እንደሚለው።

ከዚያ ከጆሮዬ አጠገብ...

"እንደዚያ አላልኩም፣ ልጄ።"

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ሳጅን አክረም ግቢው ውስጥ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ድምፁ ሳይሆን ስለ ሥራዬ። ያላሉትን መጻፌን፣ አለማንበቤን።

ዙሪያውን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ማንም አልሰማሽም። ሁለት ሳምንት ነው የቀረሽ። እርግጠኛ ነሽ?"

በሩ ላይ ሳጂዳ ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

"እርግጠኛ ነኝ።"

ገብቶ ዋናውን መዝገብ አወጣ። ገጹን ገለጠ... ወደ እኔ አዞረው።

የእኔ ጽሑፍ አለ። "ተነቦልኝ" የሚለውም አለ። አሻራው የነበረበት ቦታ ግን ነጭ ነው። አልተፋቀም፣ አልደበዘዘም። ቀለም ነክቶት የማያውቅ ወረቀት ነው።

ሳጅን አክረም ጣቱን ቦታው ላይ አሻሸ። ጣቱን አየ። 

አዲስ ወረቀት አውጥቶ የእኔን ቃል መቀበል ጀመረ። ያ ወረቀት ነው ቡርሃንን ቤቱ ያስገባው። ያ ወረቀት ነው እኔን ያለ ዲግሪ ያስቀረኝ። አልጸጸትም።

ሲጨርስ ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ። ቀስ ብሎ፣ አንድ ቃል ሳይዘል። ልክ ነው አልኩ። ፈረምኩ። አሻራም ጨምሪበት ብሎ ቀለሙን ገፋልኝ።

አውራ ጣቴን ነከርኩ። ጫንኩ። አነሳሁ።

ሳጅን አክረም ወረቀቱን አየ። ከዚያ እጄን ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ጣቴ ላይ ጠባሳ የለም። ኖሮም አያውቅም።

ወረቀቱ ላይ ግን፣ በሰማያዊው መሃል፣ አንድ ነጭ መስመር ያልፋል...