አሥራ ስምንት የመርፌ ምልክት

ሟቹ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ አፉን በትንሹ ከፍቶ ተጋድሟል። በዚያ ካምፕ ውስጥ ከተኛ ሰው ይልቅ የሞተ ሰው ማግኘት ይቀል ነበር። የልዩ ኮርሱ ምልምሎች ስድስት ቀን ሙሉ፣ በቀን ሁለት ሰዓት እየተኙና አንድ ፓኬት ብስኩት እየበሉ፣ ሠላሳ ኪሎ ተሸክመው ተራራ ሲወጡ ሲወርዱ ሰንብተዋል። በሰባተኛው ቀን ጠዋት አንዱ ሳይነሳ ቀረ። አሁን በድንኳኑ ዙሪያ አራት ዘብ ቆሟል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይሄ ነው።

መርማሪው ሻለቃ ደረሰ። ወታደሩ ሁሉ በሹክሹክታ «ቀስ በል» እያለ ይጠራዋል፤ ለሰው ሁሉ የሚሰጠው መልስ ይኸው ስለሆነ ነው።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ ጌታዬ» አለ አሰልጣኙ ሃምሳ አለቃ። «ታናሽ ወንድሙ ነው የገደለው። አብረው ነው የሚያድሩት። ትናንት በብስኩት ሲጣሉ ሁሉም አይቷል። ዛሬ ስፈትሸው የሟቹ ብስኩት ከኪሱ ተገኘ። አፍኖት ነው። ከሰዓት በኋላ ለወታደራዊ ፍርድ ቤት እናስረክበዋለን።»

«ቀስ በል።»

መርማሪው ተንበረከከ። የሟቹን የዓይን ሽፋን ገልጦ፣ ከንፈሩንና አንገቱን አገላብጦ አየ። የመታፈን ምልክት አላገኘም። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱ ላይ ያሉትን የመርፌ ምልክቶች ቆጠረ። እንደገናም ቆጠረ።

ታናሽየው እጁ ታስሮ በርሜል ተደግፎ ተቀምጧል። ጉንጩ ሰርጉዷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«የወንድምህ ብስኩት አንተ ኪስ ውስጥ ምን ይሠራል፣ ልጄ?»

«ራሱ ነው የሰጠኝ። ሲሸተው ያስመልሰዋል። ብላ ብዬ ነው የተጣላሁት።»

«ስድስት ቀን የተራበ ሰው ምግብ ያስመልሰዋል?»

«እኔም ገርሞኛል። ሲቆም ያዞረዋል። ለዶክተሯ ብነግራት ‹ድካም ነው፣ አበርታው› አለችኝ።»

«አንተስ ለምን አልበላኸውም? ፓኬቱ አልተከፈተም።»

«ጠዋት ይሻለው ይሆናል ብዬ አስቀመጥኩለት።»

መርማሪው የልጁን ክንድ አየ። ስድስት ምልክት።

«ደም የሚወሰደው ስንት ጊዜ ነው?»

«ጎህ ሲቀድ አንዴ። እሱን ግን ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በቀን አራት ጊዜ ይጠሩት ነበር። ያችኑ ሁለት ሰዓት እንቅልፉን ሳይቀር ይቀሰቅሱታል።»

«መድኃኒት ይወስድ ነበር?»

«ለጉልበቱ እብጠት ክኒን ይውጥ ነበር፣ ዓመት ሙሉ። መጀመሪያው ቀን ፍተሻ ላይ ወሰዱበት።»

«ደንብ ነው፣ ጌታዬ» አለ ሃምሳ አለቃው። «ያን ዕለት ለዶክተሯ አስረክቤያለሁ።»

የዶክተሯ ድንኳን ንጹህና ቀዝቃዛ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ግማሹ የተበላ እንቁላል በዳቦ አለ። ተመራማሪ ናት፤ የምልምሎቹን ደም በየቀኑ የምታስወስደውም ለጥናቷ ነው።

«በእንዲህ ያለ ሥራ፣ ረሃብና እንቅልፍ ማጣት የሰው ሆርሞን ምን ይሆናል፣ ዶክተር?»

«የወንድነቱ በሳምንት ውስጥ እንደ ሽማግሌ ይወርዳል። የታይሮይዱም ይቀንሳል። ኮርቲሶል ግን ይወጣል። ሰውነት በጭንቅ ጊዜ የሚቆመው በእሱ ነው።»

«የሁሉም ወጣ?»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «የሁሉም» አለች።

ቀትር ላይ ሁሉም በመመገቢያው ድንኳን ተሰበሰቡ። ብስኩቱ በማስረጃነት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ለብስኩት ብሎ ሰው የገደለ ረሃብተኛ ብስኩቱን ይበላዋል» አለ መርማሪው። «ይሄ አልተነካም። ሟቹም አልታፈነም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ከተማ ሆስፒታል ደውዬ ስለ ክኒኑ ጠየቅሁ። ኮርቲሶልን የሚተካ ነው። ሰው ዓመት ሙሉ ሲውጠው የራሱ እጢ ሥራውን ያቆማል። ክኒኑ ድንገት ከቀረበት ያስመልሰዋል፣ ያዞረዋል። ላዩ ላይ ተራራና ረሃብ ሲጨመርበት ይሞታል።»

ሃምሳ አለቃው ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ የነጠቅሁት።»

«አንተ አላወቅህም። የሚያውቅ ሰው ግን ነበር። የምልምሎቹ ሁሉ ክንድ ላይ ስድስት ምልክት አለ። የሟቹ ላይ አሥራ ስምንት። ሁለት ቀን አንድ አንድ፣ አራት ቀን ደግሞ አራት አራት። ምንም ያልታየበትን ሰው ማን እንዲህ ይከታተላል? በሦስተኛው ቀን ምን አዩ፣ ዶክተር?»

ዶክተሯ አልካደችም። «ኮርቲሶሉ ዜሮ ሊባል የሚችል ነበር» አለች። «እንዲህ የሆነ ሰው ስንት ቀን በእግሩ እንደሚቆም የሚያውቅ የለም። ማንም ፈቅዶ የሚያስጠናው ነገር አይደለም። ዳግመኛ አይገኝም።»

«ክኒኑስ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

«ሰጥተውት ቢሆን?»

«በማግስቱ ይነሳ ነበር» አለች፤ የሒሳብ መልስ የምትናገር ነው የምትመስለው። ዘቦቹ ይዘዋት ወጡ።

መርማሪው የልጁን እጅ ራሱ ፈታ። «አንተ አልገደልከውም፣ ልጄ።»

«‹አበርታው› ስትለኝ አመንኳት» አለ ልጁ። «ትናንት ሦስት ጊዜ ወደቀ። ሦስቱንም ጊዜ በጥፊ እየመታሁ አስነሳሁት። በመጨረሻው ‹ትንሽ ልተኛ› ብሎ ለመነኝ። አታዋርደኝ አልኩት።»

ከዚያ የልጁ እጅ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፣ ፓኬቱን ቀደደው። ሰባት ቀን የተራበ ሆድ ሐዘን አያውቅም። የወንድሙን ብስኩት እያለቀሰ እስከ ፍርፋሪው በላው።