በጌጁ ላይ የተለጠፈችው ሥዕል

የሾፌሩን የአበረን ሬሳ ከዓባይ በረሃ ገደል በገመድ ሲያወጡት፣ ወንድሙ አካለ ወልድ ጠመንጃውን ከትከሻው አላወረደም። ዓይኑ የጭነት መኪናው ባለቤት እንዳላማው ላይ ነበር።

«የሞተ መኪና ሰጥተህ ወንድሜን አስበላኸው! ከቀብሩ ስንመለስ እንተያያለን።»

ኢንስፔክተር ጥሩብርሃን የአገሯን ሰው ታውቀዋለች፤ እንዲህ ያለ ሰው ለወሬ ያህል አይዝትም። ከቀብር መልስ እውነቱን ይዛ ካልደረሰች እንዳላማው አለቀለት።

መኪናው ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ደጀን ዳገቱን ሲወጣ ሞተሩ ፈንድቶ ጠፋ፤ ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ደነደነ፤ ወደ ኋላ ተንከባሎ ገደል ገባ። እንዳላማውን ለብቻው ጠየቀችው።

«ሞተሩ ደክሞ ነበር?»

«ኧረ በማርያም! ከጎሃ ጽዮን ደውሎልኝ፣ ‹ዛሬማ ይበራል፤ ምናለ እጁ ይባረክ› ነው ያለኝ።»

ምናለ የደጀን መካኒክ ነው፤ ከጉዞው በፊት ሞተሩን የፈታው እሱ ነው። አንድ ወንድሙን አበረ ገጭቶ ገድሎበት፣ በሽማግሌ ታርቀዋል።

«እርጅና ነው፣ ኢንስፔክተር» አላት ምናለ፣ ሄዳ ስትጠይቀው። «ጉልበት የሚባል አልነበረውም።»

«እህ» አለችና ወደ ስብርባሪው ወረደች። ጋቢናው ውስጥ የእመቤታችንን ሥዕል አየች። ሾፌር ሁሉ ሥዕል ይለጥፋል፤ የሚለጥፈው ግን ከፍ አድርጎ፣ መስታወቱ አናት ላይ ነው። ይቺ ከመሪው ኋላ፣ የተርቦውን ግፊት የሚያሳየው ጌጅ ላይ ተለጥፋለች። ነገሩ አልጣማትም፤ ሞተሩን አስፈታች።

ከቀብር መልስ ምናለም ሳይቀር ሁሉም የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ደረሰች።

«ተርቦ ወደ ሞተሩ አየር ይገፋል» አለች። «ግፊቱ ሲበዛ ትርፉን የሚያስተነፍስ በር አለው። በሩን የምታስከፍተው ይቺ ቀጭን የጎማ ቱቦ ናት፤ እንጨት ተወትፎባታል። በሩ ካልተከፈተ መኪናው መጀመሪያ እንደ ጉድ ይበራል፣ ኋላ ይፈነዳል። ጉልበት የጨመረ መኪና ማን ይጠረጥራል? አበረ ደስ ብሎት ረገጠው። ጌጁን ቢያይ ኖሮ ያቆም ነበር። ሥራነሽ፣ ሥዕሏን ማን ለጠፋት?»

«ምናለ» አለች የሟቹ ሚስት። «ለእርቃችን ብሎ፣ በገዛ እጁ። እንዳይነቅላትም አስምሎታል።»

«ሟቹ ‹ይበራል› ያለውን መኪና፣ ምናለ ‹ጉልበት የለውም› አለኝ። የፈታውም እሱ፣ ጌጁን የሸፈነውም እሱ።»

ምናለ ብድግ አለ። «የታረቀው አፌ ነው! ወንድሜን ጨፍልቆ፣ ደጄ ላይ ጥሩምባ እየነፋ ሲያልፍ እያየሁ ልኑር? ደሜን መለስኩ፤ ደግ አደረግሁ!»

የአካለ ወልድ ጠመንጃ ዞረ። ሥራነሽ አፈሙዙን በእጇ ያዘች።

«ተው! በአንድ ጥይት ሊገላገል?» ወደ ምናለ ተጠጋች። «እስር ቤት ስንቅ የሚያመላልስልህ ዘመድ የለህም። እኔ አለሁልህ። በየሳምንቱ ከነጥቁር ልብሴ፣ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ስንቋን ፊታችን ትበላታለህ።»

ምናለ ፊቱን ከእሷ አዞረ። አካለ ወልድን ቀና ብሎ አየው።

«ኧረ ተኩስ» አለ።

ሥራነሽ አፈሙዙን አልለቀቀችም።