በፍልሰታ የቀረበ እርጎ

ደላላው ደሳለኝ በገዛ መደቡ ላይ ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ቀኑ ነሐሴ ሦስት፣ ዘመኑ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው፤ የደብረ ታቦር ሰው ገና ከቅዳሴ መመለሱ ነበር። ከራስጌው አንድ ቅል እርጎ ተደፍቶ፣ ከተባይ መድኃኒት ጋር የተቀላቀለ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል።

«ነገሩ አልቋል» አሉ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሙላቴ፣ የታጠቁትን ሽጉጥ እያስተካከሉ። «ያቺ የጋፋቷ ባላገር፣ ወለተማርያም፣ ጠዋት እዚህ በር ላይ ስትጮህ አገር ሰምቷታል። እርጎ አመጣች፣ መርዝ ጨመረች። አስሬልሻለሁ።»

መርማሪዋ ሃምሳ አለቃ ብዙነሽ ነገር አታበዛም፤ ስትናገር ግን ሰው አቀማመጡን ያስተካክላል። ጎንበስ ብላ የሟቹን ረጅም ጢም ነካች። ደረቅ ነው። አፉን ከፍታ አየች፤ ነጭ ነገር የለም። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ በውስጥ በኩል የገዛ ጥርሱ ቆርጦታል። ትራሱን ገለበጠችው። መሃሉ ላይ ትኩስ የደም ምልክት አለ።

ወለተማርያም በእስር ቤት ቆማ ጠበቀቻት። ተቀመጪ ቢሏትም እምቢ ብላ ነበር።

«እርስዎ ነዎት የገደሉት?»

«አይደለሁም፣ እህት ዓለም። ብገድለው ደግሞ በእርጎ አላባብለውም፤ ገበያ መሃል፣ ሰው እያየ ነበር።»

«ምን በደለዎት?»

«ልጄን እመቤቴን ወሰደብኝ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሕር ዳር አስተማሪ ቤት እየሠራች ትማራለች አለኝ። አንዲት አምልጣ የመጣች ልጅ ናት እውነቱን የነገረችኝ። መጠጥ ቤት ነው። ከጓሮ ባለው ክፍል ሕፃናቱን ለወንድ ይሸጣሉ። አሁን ደግሞ ወደ አሰብ ሊጭኗቸው ነው።»

«ለፖሊስ አላመለከቱም?»

«አላመለከትኩም? እዚህ ‹ልጅቷ ያለችው ጎጃም ነው፣ እዚያ ሂጂ› አሉኝ። አባይን ተሻግሬ ሄድኩ። እነዚያም ‹የጠፋችው ከጎንደር ነው፣ አገርሽ ተመለሺ› አሉኝ። ልጄን ድልድይ ላይ ነው እንዴ የወለድኳት?»

ብዙነሽ ወደ ቢሮዋ ገብታ ስልኩን አነሳች። ሙላቴ ተከትለዋት ገቡ።

«የክፍለ ሀገር ደብዳቤ ሳይኖርሽ ጎጃም ልትደውዪ ነው?»

«ደብዳቤው በእግሩ ይምጣ። እርስዎ ሲወጡ በሩን ይዝጉልኝ፣ ጓድ።»

የባሕር ዳሩ መቶ አለቃ ገብረመድኅን ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«የዚያን ቤት ወሬ እኔም ሰምቻለሁ» አለ። «ከሳሽ የለም እየተባለ ነው በሩን ያላንኳኳሁት።»

«ከሳሿ አለች፤ እኛ አስረናታል።»

«እንግዲያው እሄዳለሁ። አንቺ በመንገዱ ላይ ያለውን የአንበሳሜን ኬላ ጠይቂ። ልጆቹ እዚያ ሳይታዩ አላለፉም።»

የሟቹ ሚስት አልማዝ እያለቀሰች መጣች። «ከቅዳሴ ስመለስ ነው ያገኘሁት። ሌሊቱን ሙሉ ‹ሴትዮዋ አትተወኝም፤ ከታሰርኩ ግን ብቻዬን አልታሰርም› ሲል ነበር።»

«እርጎው የቤታችሁ ነው?»

አልማዝ እንደተሰደበች ቀና አለች። «በፍልሰታ? ወተት የነካው ዕቃ ሁሉ ታጥቦ ተሰቅሏል!»

በማግስቱ ማለዳ የተጠራው፣ ስሙ ከአንበሳሜ ኬላ የተገኘው የጭነት መኪና ሾፌር ጌጡ ግን ሳቀ። «ልጆቹን ጭኛለሁ። ‹የእህቶቼ ልጆች ናቸው› ያለኝን ሰው አላስታውስም።»

«ሻይ ልዘዝልህ?»

«ቅዳሴ ሳይወጣ? ተይኝ እባክሽ፣ የእስካሁኑ ኃጢአቴ ይበቃኛል።»

ቅዳሴ እንደወጣ ሁሉንም በቢሮዋ ሰበሰበቻቸው። ሰው ሁሉ መሣሪያውን በር ላይ ለዘበኛው እንዲያስረክብ አዘዘች፤ ሙላቴም እያጉረመረሙ አስረከቡ። የአንበሳሜ ኬላ ጠባቂ ዘውዱ ጥግ ይዞ ቆሟል።

«ደሳለኝ እርጎውን አልቀመሰም» አለች ብዙነሽ። «ጢሙ ደረቅ፣ አፉ ንጹሕ ነበር። በትራስ ታፍኖ ነው የሞተው። እርጎውና መርዙ ከሞተ በኋላ የመጡ ናቸው።»

«ለምን?» አለች አልማዝ።

«በባላገር ሴት ለማላከክ። ግን የትኛዋ የጋፋት ሴት ናት በፍልሰታ እርጎ ይዛ ሰው ቤት የምትሄደው? የትኛውስ ጿሚ ተቀብሏት ይጠጣል? አልማዝ ይህን አትስትም። ሻይ እንኳ እምቢ ያለኝ ጌጡም አይስትም። ይህን የሳተው ጾምን ከዓመታት በፊት የተሰናበተ፣ ከተማው ቅዳሴ ላይ ሳለ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የነበረ ሰው ነው።»

ሙላቴ ተነሱ። «አለመጾም ወንጀል ሆነ?»

«አይደለም፣ ጓድ። የከዳዎት ሌላው ሰው እንደሚጾም መርሳትዎ ነው።»

«ማስረጃ የለሽም!»

«ዘውዱ፣ ልጆቹን በኬላው ያሳለፈው ማነው?»

«እሳቸው ናቸው» አለ ዘውዱ። «ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ‹የእህቶቼ ልጆች ናቸው› አሉኝ። ባለሥልጣን ናቸውና ዝም አልኩ።»

ጌጡ ላቡን ጠረገ። «እሳቸው ናቸው። ፈርቼ ነው የደበቅኩት።»

«ትናንት ማታ ባሕር ዳር የመጠጥ ቤቱ በር ተሰብሯል፤ ባለቤቷ ሴትዮም ታስራለች» አለች ብዙነሽ። «‹አጋሬ ሙላቴ ነው› ብላለች። ደሳለኝ ብቻውን እንደማይታሰር ሲነግርዎት፣ አፉን ዘጉት።»

የሙላቴ እጅ ወደ ባዶው መታጠቂያ ሄደና ተመለሰ። «ነገ ይህን የደንብ ልብስ ያስወልቁሻል!»

«ያስወልቁኝ። እርስዎ ግን ዛሬ ይገባሉ።»

ከሰዓት በኋላ የጎጃም ፖሊስ መኪና አባይን ተሻግሮ ደብረ ታቦር ገባ። ገብረመድኅን እመቤቴን አውርዶ ከእስር ለተፈታችው እናቷ ሰጠ። ሰው ከቧቸው መንሾካሾክ ጀመረ። ልጅቷ ፊቷን በሻርፏ ሸፈነች።

«በጓሮ በኩል ላሳልፋችሁ?» አለች ብዙነሽ ቀስ ብላ።

ወለተማርያም ሻርፑን ከልጇ ፊት ላይ ገለጠችው።

«የሰረቅነው የለም» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ቀና በይ፣ ልጄ። በገበያው መሃል ነው የምንሄደው።»

ሄዱም። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው።