የተጠረገው በር

በአንዲት ትንሽ የጃፓን ደሴት፣ የናቢ አስከሬን የተገኘው በእንግዳ ማረፊያዋ በር ውስጥ፣ ከባሕር ኮራል ድንጋይ በተካበው አጥር ሥር ነበር። ጭንቅላቷ ከድንጋዩ ተጋጭቷል። መርማሪ ሺሞጂ በመጀመሪያው ጀልባ ስትደርስ፣ የደሴቲቱ ፖሊስ የናቢን የወንድም ልጅ ዜንሾን ይዞት ጠበቃት።

«ያለቀ ነገር ነው» አላት። «ጎህ ሲቀድ በሯን ስትጠርግ እንግዳው ሰምቷታል። ያኔ አብሯት የነበረው ዜንሾ ነው። ቤቱን ለሆቴል ካልሸጥሽ እያለ ወር ሙሉ ሲነዘንዛት ከርሟል።»

«ትናንት እኮ እሺ ብላኝ ነበር» አለ ዜንሾ። የሚያምነው አላገኘም።

እንግዳው ሳዋኖ በነጩ አሸዋ ላይ ለመራመድና የደሴቲቱን በዓል ከበሮ ለመስማት ከኦሳካ የመጣ ነው። «የመጥረጊያው ድምፅ ደስ ብሎኝ መልሼ ተኛሁ» አላት። «ቀድማ ሞታ ከነበረ ግን አይንገሩኝ፤ ዛሬም እዚሁ ነው የማድረው።»

ሺሞጂ አስከሬኑን በቀስታ አስነሥታ ከሥሩ ያለውን አሸዋ ዳሰሰች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ የተሰቀለውን መጥረጊያ አየች፤ ወደ ውጭም ወጥታ ከበሩ ፊት ያለውን መንገድ ዳር ዳሩን ተመለከተች። የናቢ ጎረቤት አሮጊቷ ማሱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ክር ታጠነጥናለች።

«እማማ፣ ናቢን ትናንት ማታ አይተዋት ነበር?»

«አሮጊት በጊዜ ነው የምትተኛው፣ ልጄ። ቁርስ በልተሻል?»

«በልቻለሁ። የእርስዎን በርስ ዛሬ ማን ጠረገው?»

«ማን አለኝና! እኔው ነኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ትናንት ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ዘንቧል» አለች። «የናቢ ልብስ በዝናቡ ርሷል፤ ከሥሯ ያለው አሸዋ ግን ደረቅ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ለሳዋኖ እራት አቅርባለች፤ የወደቀችው ከዚያ በኋላ፣ ከዝናቡ በፊት ነው። ዜንሾ ደግሞ ከአንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ከሠላሳ ሰው ጋር ከበሮ ሲለማመድ ነበር።»

«ታዲያ ጎህ ሲቀድ የጠረገው ማን ነው?» አለ ሳዋኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የናቢ መጥረጊያ ደረቅ ነው፤ እርጥብ አሸዋ አልነካውም። እዚህ ሁሉም የየራሱን በር ይጠርጋል፤ ድርሻው ሲያልቅ ጠርዙ ላይ የአሸዋ መስመር ትቶ ይመለሳል። ዛሬ በሁሉም ቤት መካከል መስመር አለ። በናቢና በማሱ በር መካከል ብቻ የለም። ሁለቱንም አንድ እጅ ጠርጓቸዋል።»

ማሱ ይዛው የመጣችውን ክር ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ሸጥኩት አለችኝ። ከእንግዲህ በሬን የሆቴል ሠራተኛ ይጥረገው ብላ ሳቀች። ገፋኋት። አንዴ ብቻ ነው።»

«ባይጠርጉት እኮ ማንም አያውቅም ነበር።»

«ስልሳ ዓመት ሙሉ በሯ ሳይጠረግ ፀሐይ ወጥታባት አታውቅም። ሬሳዋን ሊያነሳ የሚመጣ ሰው ምን ይላታል?»

«ዜንሾን ሲወስዱትስ ምን ሊሉ ነበር?»

ማሱ ክሩን ከጭኗ አንሥታ ማጠንጠን ጀመረች።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ የመጥረጊያ ድምፅ በናቢ ማረፊያ ያደረችውን ሺሞጂን ቀሰቀሳት። ናቢ በሣጥን ውስጥ ናት፤ ማሱን ጀልባ ወስዷታል። ከግድግዳው ማዶ ሳዋኖ አንሾካሾከ።

«ለእርስዎም ይሰማል?»

«ይሰማል።»

መስኮቱን ከፈተች። ዜንሾ የአክስቱን በር ጠርጎ ጨርሶ ከማሱ ድርሻ ጠርዝ ላይ ቆሟል። ከፊቱ የአሮጊቷ ዱካ ከደጃፏ ተነሥቶ ወደ ወደቡ ይወርዳል። መጥረጊያውን አነሣ። ዱካውን ረጅም ጊዜ ሲያይ ቆይቶ መልሶ አወረደው፤ ጠርዙ ላይ መስመሩን ትቶ ገባ።

ፀሐይዋ ባልተጠረገው በር ላይ ወጣች።